የጋሼ ቀይ ነጥብ

የምራቴ እጆች ከወንበሩ ስር ነበሩ። ራሷ አይታይም፤ እግሯ ብቻ በአውቶብሱ መተላለፊያ ላይ ተዘርግቷል። በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ማስቲካ ትፍቃለች፤ አልለቅ ሲላት በጥፍሯ ትቆነጥረዋለች።

«ስንተኛው ነው?» አልኳት በሩ ላይ ቆሜ።

«መቁጠር ትቻለሁ እማማ። ይሄ ወንበር በብሎን የታሰረ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ያቆመው ማስቲካ ነው!»

ምሳዋን ላደርስላት መጥቼ ነው። ወንድ ልጄ ራቅ ያለ ቦታ ስለሚሠራ ቤቱን የያዝነው እኔ፣ እሷና የልጅ ልጄ ነን። ምራቴ በአውቶብሶች ጋራዥ ውስጥ በቀን ሠራተኝነት ስታጥብ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰኞ ትጠራ አትጠራ፣ እስከ እሑድ አታውቅም። በዚያ ሳምንት ግን የጋራዡ ኃላፊ፣ «ይህን አውቶብስ ብቻሽን ከውስጥም ከውጭም አጥበሽ አሳዪኝ። እኔም ሹፌሩም ከወደድነው ለቋሚነት አቀርብሻለሁ» አላት። እሷ ደህና ተኝታ አደረች፤ ስገላበጥ ያደርኩት እኔ ነኝ።

አሠራሯን ቁጭ ብዬ ማየት እወዳለሁ። ከጣራው ነው የምትጀምረው፤ መሰላል ላይ ወጥታ፣ እጀታው ረጅም በሆነ ብሩሽ። ሦስት ባልዲ አላት፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ አንዱ ለጎማ። የጎማው ጨርቅ ወደ ላይ ከወጣ እሷ ዘንድ ነውር ነው፤ አሸዋው ቀለሙን ይጭረዋል። በመስኮቶቹ ጠርዝ የተጋገረውን አቧራ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታወጣዋለች። ሹፌሩ ፊት ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ጋ ስትደርስ ግን ውሃ የለም፤ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ብቻ። ሁሉም ሲያልቅ ዓይኗን ትጨፍንና መዳፏን በቆርቆሮው ላይ ትሰዳለች። «ዓይኔ ያባብለኛል፤ እጄ ግን አይምረኝም» ትላለች።

ከቀትር በኋላ ሹፌሩ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ቢቃጠል እንኳ የሚሮጡ አይመስለኝም። ጋራዡ በሙሉ «ጋሼ ቀስ በሉ» ይላቸዋል። ኃላፊው የሚፈርምበትን ወረቀትና ብዕሩን ይዞ ተከተላቸው። አውቶብሱን ዞሩት፣ ወንበሮቹን ዳበሱ፣ መጋረጃውን አሸተቱ።

«ይሄ የኔ አውቶብስ ነው ወይስ የሙሽራ መኪና?» አሉ ጋሼ። እኔም የምሳ ዕቃዬን አቅፌ ፈገግ አልኩ።

ከዚያ መሪው ፊት ተቀመጡና ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ።

«ነጥቤስ?»

«የምን ነጥብ ጋሼ?»

«እዚህ፣ የፊት መስታወቱ ታች። ቀይ። ምስር የምታክል።»

የምራቴ ፊት ተለወጠ። «ቆሻሻ መስሎኝ… በምላጭ ፋቅኩት።»

«አይ ልጄ! መስታወቱን አጠራሽና እኔን አሳወርሽኝ!»

ለካ ያቺን ነጥብ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያስተያዩ ነው የቀኝ ጎማቸው የት እንዳለ የሚያውቁት። ስድስት ዓመት አውቶብሱን በእሷ እየለኩ ሲያቆሙ ኖረዋል። «የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ሰርቄ ነው የቀባኋት። ጠርሙሱን እስከ ዛሬ ትፈልጋለች» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ኃላፊው የብዕሩን ክዳን መልሶ ከደነ። ክዳኑ ቀጭ አለ።

ምራቴ ሰበብ አልደረደረችም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ መስታወቱ ላይ «ሃ…» ብላ ተነፈሰችበት። መስታወቱ ጉም ለበሰ። ትንሽ ፈቀቅ ብላ ደገመችው። በሦስተኛው፣ ከጉሙ መሃል አንዲት ትንሽ ክብ ብቅ አለች።

«ለዓመታት የተለጠፈ ነገር ቢፋቅም ዱካው ይቀራል፤ ተለጣፊ ወረቀት ባነሳሁ ቁጥር አየዋለሁ» አለች። ከመሣሪያ ሳጥኑ ቀይ ቴፕ አውጥታ ምስር አሳክላ ቆረጠች፤ ክቧ ሳትጠፋም በላይዋ ለጠፈችው።

ጋሼ ሞተሩን አስነሱ። ግቢውን ዞሩና አውቶብሱን ከእግረኛ መንገዱ አስጠግተው አቆሙ። ወርደው በጎማውና በጠርዙ መካከል ጣቶቻቸውን ዘረጉ።

«አንድ ስንዝር! እንደ ድሮዬ!» ወደ ኃላፊው ዞረው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ብዕርህን ምን ነካው? ክፈተው እንጂ!»

ኃላፊው እየሳቀ ፈረመ።

«አንድ ነገር ላስቸግር» አለች ምራቴ። «ከእንግዲህ ሹፌር ሁሉ ከመታጠቡ በፊት ምልክቱን ያሳየኝ።»

«የሚታጠበው አውቶብሱ ነው ወይስ እኔ?» አሉ ጋሼ።

ደብዳቤው የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ምራቴ ማንበብ እያወቀች «እማማ፣ አንቺ አንብቢልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። «ቋሚ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። የልጅ ልጄ «ቶሎ በይ እንጂ አያቴ!» ስትለኝ፣ እናቷ «ተያት፣ ቀስ ትበል» አለቻት።

ዛሬ ሁለት ሴቶችን ሥራ ታሳያለች። ከወንበር ስር የምትገባው ግን አሁንም ራሷ ናት። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እባካችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ አውቶብስ ስትሳፈሩ ማስቲካችሁን በወረቀት ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። ከወንበሩ ስር የሚገባው የልጄ እጅ ነው፤ ምራቴን ማለቴ ነው።