የውሰት ማድያት

ቤተሰቡ «ሳሙና» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ልጅ ሆና ሰው በጠጣበት ብርጭቆ አትጠጣም ነበር። እንግዳ ጉንጯን ከሳማት ዞር ብላ በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ታላቅ እህቷ የጀመረችውን ዳቦ ብታካፍላት ጥርስ የነካውን ዙሪያውን ቆርሳ ካልጣለች አትቀምሰውም። አክስቷ ይህን ስታይ አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ትቆጣለች። «አንቺን የሚያገባ ሰው ተቀቅሎ ነው መምጣት ያለበት» ትላት ነበር። እስካሁን ተቀቅሎ የመጣ የለም።

እንዲህ ያለች ሴት ሥራ ያገኘችው ላውንደሪ ቤት ነው። ለዓመታት ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ የሰው ልብስ ተቀበለች፤ አንገትጌ ላይ የተጋገረ እድፍ፣ የብብት ላብ፣ ኪስ ውስጥ የተረሳ መሀረብ። ባለቤቱ ማሽኖቹን ሸጦ ቤቱን ሲዘጋ ሌሎቹ ሠራተኞች አለቀሱ፤ እሷ ጓንቷን አውልቃ ጣለችና ወደ ቤቷ ሄደች። የታላቅ እህቷ ባል ፎቶ ቤት ነበረው። «ነይ እኔ ጋ» አላት። «እዚህ የሰው ገላ አትነኪም። ፎቶ ንጹሕ ሥራ ነው።» አመነችው።

የእህቷን ባል ሰፈሩ በሙሉ «ማስተር» ነው የሚለው። ፎቶ ቤቱ ከጫማ መሸጫ ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በፊተኛው ሰማያዊ መጋረጃ፣ ሁለት መብራትና አንድ ክብ በርጩማ አለ። በኋለኛው ኮምፒውተሩና ማተሚያው ተፋፍገው ተቀምጠዋል፤ መስኮት የሚባል የለውም። ማስተር ሥራውን ያውቃል። ግን ሌንስ ሲያጸዳ ትንፋሹን እህ ብሎ ይለቅበታል፤ ያ ካልበቃው ጣቱን በምራቁ ያርሳል። ሳሙና ይህን አየች። በማግስቱ ከቤቷ ለስላሳ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ሌንሱን ከእሷ በቀር ማንም አልነካውም።

መጀመሪያ የተማረችው ፎከስ ነው። «ካሜራው ራሱ ይፈልጋል፤ ግን ቂል ነው» አላት ማስተር። «ቅርቡ ያገኘውን ይይዛል። ፊት ላይ ቅርቡ ደግሞ አፍንጫ ነው። አፍንጫው ጠርቶ ዓይኑ ሲደበዝዝ ሰውየው የሰከረ ይመስላል። አንቺ ፎከሱን የምታሳየውን ነጥብ ውሰጂና ወዳንቺ የቀረበው ዓይን ላይ አስቀምጫት። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫኚ፣ ያዢው፣ ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ፣ ከዚያ ጨርሺው።»

ሲያወሩት ቀላል ነው። ሌንሱ በሰፊው ሲከፈት ግን የሚጠራው ስፍራ ከጣት ውፍረት አይበልጥም። ሰውየው በርጩማው ላይ ትንሽ ወደፊት ጎንበስ ካለ ዓይኑ ያመልጥና ጆሮው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሳሙና ለሳምንታት ጆሮ ስታነሳ ከረመች። ማስተር እየሳቀ «የጆሮ ሐኪም ልትሆኚ ነው እንዴ?» ይላት ነበር።

ከዚያ አንድ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር መጣ። ልጆቹ ለግድግዳ የሚሆን ፎቶ እንዲነሳ ልከውት ነው። ነጥቧን ግራ ዓይኑ ላይ አሳረፈች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ተጫነች። ፎቶውን ከፍታ ስታየው ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ብሌኑ ውስጥ መብራቱና የራሷ ጥላ ይታያሉ። ፀሐይን እየተቃወመ ሲነዳ የኖረበት ዘመን በዓይኑ ጠርዝ ላይ ስንጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል። ደጋግማ አየችው። የሰው ፊት ሳይቀፋት ስታይ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ደስታዋ ኮምፒውተሩ ጋ እስክትቀመጥ ነው የቆየው። ማውሱ ለዓመታት በጣት ቅባት ተለውሶ መዳፍ ላይ ይጣበቃል። በአልኮል ሦስቴ ብትወለውለውም ቁልፎቹ መሃል የገባው ጥቁር እድፍ አልለቀቀም። ማስተር ከጎኗ ቁጭ ብሎ ያሳደገውን የትንሽ ጣቱን ጥፍር ስክሪኑ ላይ እየነካካ ያስተምራታል። «ሌየር የሚባለው እንደ መስታወት ነው። ዋናው ፎቶ ከሥር ይቀመጣል፤ አንቺ ላዩ ላይ በተነጠፈው መስታወት ትሠሪያለሽ። ብታበላሺ ላይኛውን ታነሺዋለሽ፣ የሥሩ አይነካም። ይሄኛው ደግሞ ማህተም ነው። ከንጹሑ ቆዳ ትቀጂና ብጉሩ ላይ ትመቺዋለሽ።»

ፎቶው ሦስት እጥፍ ጎልቶ ሲከፈት የሰው ልጅ ምን እንደሆነ አየች። የአፍንጫ ቀዳዳ ዙሪያ የተጠቀጠቀ ጥቁር ነጥብ፣ ከንፈር ጥግ የደረቀ ምራቅ፣ ሙሽራዋ ዓይን ጠርዝ ላይ ማንም ያላየው ዓይናር። ላውንደሪ ቤት ቢያንስ ልብሱ ከሰውዬው ተለይቶ ነበር የሚመጣው። ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ሳትቀምስ መልሳ ትዘጋዋለች። እህቷ «ከሳሽ» ስትላት «አንቺ የባልሽን ኮምፒውተር ብታዪ ትከሺ ነበር» አለቻት።

ግን ለመደች። መልመድ ብቻም አይደለም፣ ተካነችበት። ጠባሳ አጠፋች፣ ጥርስ አነጣች፣ አገጭ አሾለች። አንድ ቀን የሾፌሩ ልጆች ፎቶውን መልሰው አመጡት። «አባባን አስረጃችሁብን፤ ትንሽ ወጣት አድርጉት» አሉ። ማስተር አንገቱን ነቅንቆ ወደ ኋለኛው ክፍል ላከው። ሳሙና ያንን የዓይን ጠርዝ በማህተሙ ደፈነችው። ስትጨርስ የተላጠ ድንች የመሰለ ፊት ተመለከታት። ልጆቹ በደስታ ወሰዱት። እሷ ወጥታ እጇን ታጠበች። የሰው እድፍ መጸየፏ ሳያንስ፣ እድፍ የሌለበት ፊትም አቅለሸለሻት።

ባለክሬሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ሲያወራ ሰው ትከሻ ላይ እጁን የሚጭን ሰው ነው። ማድያት የሚያጠፋ ክሬም አስመጥቷል፤ ለፖስተር «ከመቀባቷ በፊት» እና «ከተቀባች በኋላ» የሚሉ ሁለት ፎቶዎች ይፈልጋል። ማስተር «የተቀባችው ሴት የታለች?» ሲለው ሳቀ። «ሴት እናንተ ጋ አትጠፋም።»

የጫማ መሸጫዋን ልጅ ጠሯት። ፊቷ ጥርት ያለ፣ ምንም የሌለበት ነው። ለመጀመሪያው ፎቶ ማስተር መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጎ ፎከሱን ጉንጯ ላይ አሳረፈው፤ የቆዳዋ ቀዳዳ ሁሉ ጥላ ጥሎ ጎድጎድ ብሎ ወጣ። ለሁለተኛው መብራቱን ከፊት ለፊት ለቀቀና ፎከሱን ሆን ብሎ ወደ ጆሮዋ አሸሸው። ጉንጯ ለስለስ አለ። ሳሙና ቆማ ታያለች። ያስተማራትን ጥበብ እንዳለ ገልብጦ ለማታለል ሲጠቀምበት ነው።

«ማድያቱስ?» አለ ባለክሬሙ።

«እሱ የእሷ ሥራ ነው» አለ ማስተር፣ ወደ ሳሙና በአገጩ እያመለከተ።

ማድያት ከየት ታምጣ? ማስተር ራሱ ከሳምንት በፊት ለመታወቂያ የተነሱ የአንዲት ሴትዮ ፎቶ ከፈተላት። ሁለት ጉንጫቸው ላይ ቢራቢሮ የመሰለ ጥቁር ማድያት አለ። ከእሳቸው ቀድታ ልጅቷ ጉንጭ ላይ መታችው። ጠርዙን አደበዘዘች፣ ቀለሙን አመሳሰለች። ሲያልቅ ማንም የማያውቀው ሆነ። እጇ ስለታዘዛት ለአፍታ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ የሰው ቆዳ ገፍፋ ሌላ ሰው ላይ የለጠፈች መስሎ ተሰማት፤ አፏን ይዛ ሮጣ ወጣች። ማስተር ከኋላዋ «ምን በላሽ?» አላት።

ፖስተሩ በየኮስሞቲክስ ቤቱ ተሰቀለ። ሳሙና መንገድ ስትቀይር ሰነበተች።

አክስቷን ለማየት የሄደችው ቆይታ ነው። አክስቷ በር ከፍታ ቶሎ ወደ ጨለማው ጥግ ተመለሰች። ግማሽ ፊቷን በሻሽ ሸፍናለች። ክፍሉ የተበላሸ ወተትና ሽቶ የተደባለቀበት ሽታ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ የባለክሬሙ ብልቃጥ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ሻሹን አንሺው» አለቻት ሳሙና።

«ተዪኝ። እየሠራ ነው። መጀመሪያ ያቃጥላል ብለውኛል።»

«አንሺው አክስቴ።»

ጉንጯ ተልጧል። ከሥር የወጣው ቀይ ቆዳ ውሃ ያዣል፤ ሻሹም ተጣብቆበት ሲነሳ አብሮ የተነሳ ነገር ነበር። ሳሙና ሻሹን ወደ ጎን አስቀመጠች።

«ማን ቀቢ አለሽ?»

«ማንም አላለኝም፤ ዓይን የለኝም? ፖስተሩ ላይ ያለችውን ልጅ አላየሻትም? የእሷ ማድያት ከኔው የባሰ ነበር።»

«እሷ ማድያት ኖሯት አያውቅም። እኔ ነኝ የሠራሁላት።»

አክስቷ ብልቃጡን ከደነችው። «አንቺ ደግሞ» አለች፣ «ሰው ሲያምርበት አትወጂም።»

ሳሙና ተነሳች። ውሃ አፍልታ አቀዘቀዘች፣ ንጹሕ ጨርቅ ቀደደች፣ ተንበርክካም የአክስቷን ጉንጭ ጠረገች። ጓንት አልነበራትም። የሚወርደው ነገር ጣቷን ሲያጣብቃት ጨርቁን ቀይራ ትቀጥላለች። የሽታውን ያህል የራሷ ሥራ ይቀፋት ነበር።

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰደቻት። የቆዳ ሐኪሟ ብልቃጡን አሽትታ ፊቷን አጨማደደች። «እማማ፣ ይሄን ነገር ይጣሉት። ቁስሉ ይድናል፤ ጥቁረቱ ግን እንደሚለቅ ቃል አልገባም።» ከዚያ ወደ ሳሙና ዞራ፣ ለውጡን እንድትከታተል በየጊዜው ጥርት ያለ ፎቶ ብታመጣላት እንደሚረዳት ነገረቻት። ታካሚዎች በስልክ አንስተው የሚያመጡላት ሁሉ ብዥ ያለ ነው።

ስለዚህ አክስቷን ፎቶ ቤቱ ይዛት መጣች። ማስተር ምሳ ሄዷል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻትና የፖስተሩን ፎቶ ከፈተች። የላይኛውን ሌየር ስታነሳው ከልጅቷ ፊት ለማመሳሰል የጨመረችበት ቀለም ጠፋ። ቀጣዩን ስታነሳው ማድያቱ ጠፋ። ምንም የሌለበት ጥርት ያለ የወጣት ፊት ቀረ።

አክስቷ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «መልሺው እስቲ።»

መለሰችው። ደግማ አጠፋችው።

«ማድያቱ ታዲያ የማን ነው?»

«የሌላ ሴትዮ። መታወቂያ ሊያወጡ የተነሱ።»

«ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

አክስቷ ከስክሪኑ ራቅ አለች። «እኔ ፊቴን የላጥኩት» አለች፣ «የኔ ብጤ ሴትዮ ማድያቷን ተዘርፋ ነው በይኛ።» ከዚያ ሻሿን ፈትታ በርጩማው ላይ ወጣች። «በይ አንሺኝ። እንዳታሳምሪኝ ብቻ።»

ሳሙና ነጥቧን ቁስሉ ላይ አሳረፈች። ዓይን ላይ ከማሳረፍ ይከብዳል፤ ቁስል የሚይዙት ጠርዝ የለውም፣ አክስቷም በተነፈሰች ቁጥር ጉንጯ ይሸሻል። ደጋግማ አነሳች። አንድ ነጥብ ሳትነካ ሁለት ቅጂ አተመች፤ አንዱ ለሐኪሟ ነው። ሁለተኛውን አክስቷ አጣጥፋ በቦርሳዋ ከተተች፣ ከዚያም ለማንም ሳትናገር ክሬሙን የገዛችበት ኮስሞቲክስ ቤት ሄዳ ፖስተሩ ላይ ለጠፈችው። ሻጯ ልትቀደው ስትነሳ አክስቷ ሻሿን ገልጣ ከጎኑ ቆመች። ክሬም ሊገዙ የገቡ ሁለት ሴቶች ብልቃጡን መልሰው አስቀመጡ። ሻጯ ፖስተሩንም ፎቶውንም አወረደች፤ ክሬሙን ግን ከመደርደሪያው አንስታ ከባንኮኒው ሥር ነው ያደረገችው።

ወሬው ባለክሬሙ ጋ ደረሰ። ባለክሬሙ ማስተር ጋ ደረሰ። ማስተር ሳሙናን አስቀምጦ አናገራት፣ እህቷም ከቤት መጥታ ነበር።

«እኛ ፎቶ አንሺዎች ነን» አለ ማስተር። «ማንንም ክሬም አልቀባንም።»

«ማድያቱን ቀብተናል።»

«ደንበኛ የጠየቀውን መሥራት ሙያ ነው። ሰው እኮ አልገደልንም።»

«አክስቴን ሄደህ እያት።»

«አይቻታለሁ። አዝኛለሁም።» ጣቱን በምራቁ አርሶ ከጠረጴዛው ላይ አቧራ አነሳ። «ግን እዚህ ቤት በደንበኛዬ ላይ የሚዶልት ሰው አልፈልግም።»

ሳሙና እህቷን አየቻት። እህቷ ወለሉን እያየች «ይቅርታ ብትጠይቂውስ?» አለች። ሳሙና ቦርሳዋን አነሳች። ከመውጣቷ በፊት ሌንሱን የምታጸዳበትን ጨርቅ ከመሳቢያው አውጥታ ይዛው ሄደች። እህትማማቾቹ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አልተነጋገሩም። አሁን ይነጋገራሉ፤ ስለ ማስተር ግን አያነሱም።

ሐኪሟ የአክስቷን ፎቶ አይታ ማን እንዳነሳው ጠይቃ ነበር። ዛሬ ሳሙና የምትሠራው እዚያ ክሊኒክ ነው፤ ጠባብ ነጭ ክፍል ውስጥ ሽፍታ፣ ቃጠሎ፣ የሚያዥ እግር ታነሳለች። የሚደፈን፣ የሚነጣ ነገር የለም። ሰው «መጸየፉን ተውሽው?» ሲላት ትስቃለች። አልተወችውም። አሁንም ምሳዋን ብዙ ቀን እንደታሸገ ይዛው ትመለሳለች። ወደ ክሊኒኩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያው ፖስተር አሁንም ተሰቅሏል፤ ፀሐይ ልጅቷን አደብዝዟታል፣ ማድያቱ ግን ከሩቅ ይታያል። ስታልፈው ወደ መንገዱ ማዶ ትሻገራለች።

የአክስቷ ቁስል ዳነ። ጥቁረቱ ከበፊቱ ሰፍቶ ቀረ። ባለፈው እሁድ ሳሙና ልትጠይቃት ሄዳ መስኮቱ ላይ አዲስ ብልቃጥ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄኛው ሌላ ነው» አለች አክስቷ፣ ብልቃጡን ከእጇ እየተቀበለች። «ይሄኛው ፎቶ የለውም።»

ሳሙና ወንበር ስባ ተቀመጠች።  አክስቷ ብልቃጡን መስኮቱ ላይ መልሳ ሻይ ቀዳችና በፊቷ አኖረችላት፤ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የሰው ከንፈር ያረፈበት ምልክት አለ። አየችው። አንስታ አጠበችውና መልሳ ቀዳች፣ ብልቃጡንም ሳታስፈቅድ በቦርሳዋ ጨመረችው።