ጽዋው የዘለለው ቤት

«ላንቺው ብለን ነው» ይሏታል። የብርጓል በዚህች ምድር ላይ እንደዚህች ቃል የምትጠላው ነገር የለም።

የብርጓል ይጁቤ ውስጥ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ናት። ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የአንዱ ተራ ሲያልቅ ቀጣዩ ባለተራ ጽዋውን ተሸክሞ፣ ማኅበርተኛው በእልልታና በጭብጨባ አጅቦ ቤቱ ያደርሰዋል። ደግ ወግ ነው፣ ማን ይጠላዋል? ግን ካቻምና ያ ሁሉ ሰው እልል እያለ የብርጓል ደጅ ሲገባ፣ ልጇ ወንጌላዊት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ጮኸች። ጮኸችና የቀረበውን ዳቦ ከነሰፌዱ ገለበጠችው። ኧረ የዚያን ቀን የተባለው! አንዷ «ቡዳ ነው» አለች፤ ሌላዋ «የእናት አባት ኃጢአት ነው» ብላ አማተበች። አምና ተራዋ ሲደርስ ጽዋው እሷን ዘሎ ጎረቤቷ ዘመናይ ቤት ገባ። ላንቺው ብለን ነው!

ወንጌላዊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። ደብረ ማርቆስ የወሰዷት ጊዜ ሐኪሟ «ኦቲዝም ይባላል። አፈጣጠሯ ነው፤ ቡዳም እርግማንም አይደለም» አለቻቸው። ከዚያ ወደ የብርጓል ዞር ብላ «አንቺስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብ ትበያለሽ?» ስትላት የብርጓል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሷን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅማ! «ብቻሽን አትሁኚ፣ ከሰው አትራቂ» አለቻት ሐኪሟ።

እሷ መቼ ራቀች! ሰው ነው እንጂ የራቃት። ባሏ እንዳላማው ከእርሻ ሲመለስ ዝም፣ እሷም ዝም። አንዳንድ ቀን ከመደቡ መነሳት ያቅታት ጀመር። ልጅቷ ደግሞ ጆሮዋን ጋን ላይ ለጥፋ ጠላው ውስጥ ለውስጥ ሲፍለቀለቅ መስማት ነበር ነፍሷ። ለማኅበር የሚጠመቀው ጠላ ከቀረ ወዲህ ባዶውን ጋን አቅፋ ትውላለች። ይሄ አያንገበግብም?

ዘንድሮ ተራው ሲመጣ የብርጓል ልጅቷን ለእንዳላማው ትታ ወደ ማኅበሩ ሄደች። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ፣ አዛውንቱ አያ አስማማው፣ ጽዋውን አንስተው በፊቷ አልፈው ወደ ዘመናይ አመሩ። የብርጓል ብድግ አለች።

«ተራው የኔ ነው፣ አያ አስማማው።»

«አይ ልጄ፣ አንቺ መቼ አረፍሽና? ላንቺው ብለን...»

«በኪዳነ ምሕረት ይዤዎታለሁ፣ ያችን ቃል አይጨርሷት! ማንን ነው አሳርፉኝ ያልኩት? ለቅሶ ሲሆን ትጠሩኛላችሁ። ሠርግ ሲሆን ነይ ወጥ ሥሪ ትሉኛላችሁ። የኔን ደጅ ስትረግጡ ነው እንዴ ቡዳ የሚበላችሁ? ልጄ እናንተን ጠልታ አይደለም። እልልታው ጆሮዋን ያማታል። እሱን ብቻ ተዉላት፣ ሌላ ምንም አልጠየቅኋችሁ!»

«ያለ እልልታ ጽዋ ሲሸኝ የት ታይቶ?» አለች ዘመናይ።

«እንግዲያው እልልታሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ!»

አሁን ከነፈጓት ዳግመኛ ማኅበር እንደማትመጣ፣ ከዚያ መደብም እንደማትነሳ የብርጓል ልቧ ያውቀዋል። አያ አስማማው ጽዋውን እንደያዙ ወደ እሷ ተመለሱ። ምን እንዳሰቡ እሳቸው ያውቃሉ።

«እንኪ» አሏት በመጨረሻ።

አንዳንዶቹ አኩርፈው ቀሩ። ይቅሩ! ሌሎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏት። ጭብጨባ የለ፣ እልልታ የለ፣ ኮቴ ብቻ። ዘመናይ እንኳ ከነኩርፊያዋ መጣች፤ መንገድ ላይ ልማድ ሆኖባት እልል ልትል ስትል አፏን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

ገበያው ጥግ ባለሱቋ ቀድሪያ ያን ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ሲያልፍ አይታ ደንግጣ ወጣች።

«ውይ በሞትኩት! የብርጓል፣ ማን ሞተባችሁ?»

የብርጓል ጽዋውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ሳትቆም መለሰችላት።

«ማንም አልሞተም፣ ቀድሪያዬ። ወደ ልጄ ቤት ነው የምንሄደው።»