ሰው ያለው ወንበር

ከአርቦሬ የመጣችው ሴት ሻርፗን አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አንጥፋለች። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ወንበሩን ለጠየቃት ሁሉ ግን ዘወር እንኳ ሳትል «ሰው አለው» ትላለች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ አንገቷ ቀጥ ያለ ነው።

ለደቡብ ኦሞ ጤና ኬላዎች ደረጃ ያወጣው ፈለቀ መድረክ ላይ ነው። «ስሌቱ ማን ብዙ ሠራ አይልም፤ በስንት ሰው፣ በምን ዕቃ ሠራ ይላል» አለ። «አንደኛ የወጣው ከብት ተከትለው የሚዞሩ ቤተሰቦችን ሕፃናት በአንዲት ሠራተኛ የከተበው የአርቦሬው ኬላ ነው።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሴትዮዋ ብድግ አለች።

«አንድ አይደለንም፤ ሁለት ነን። የክትባቱን ሳጥን ተሸክሞ ከበረት በረት አብሮኝ የሚዞረው ባሌ ነው። ደሞዝ ስለሌለው ነው ያልቆጠራችሁት።»

ፈለቀ ግራ ገባው። «እህቴ፣ እሱ ከተቆጠረ እኮ ደረጃችሁ ይወርዳል።»

«ይውረዳ!»

ሻርፗን አንስታ ወደ በሩ ተጣራች። ስሙ ከተጋባዦቹ መሀል ስለሌለ ውጭ ቆሞ ይጠብቃት የነበረ ረጅም ሰው ገባ። ሳጥኑን ባይዝም አንድ ትከሻው ዘንበል ያለ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አልፎ ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ እሷ አልተቀመጠችም።