ካፖርቱና ከበሮው

አናጢው በዕድሜ ዘመኑ ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም። አንድ ፊልም ላይ ከታየ ወዲህ ግን ሰፈሩ ነፍሰ ገዳይ አድርጎት አረፈ።

ነገሩ የመጣው በበር ሰበብ ነው። ፊልም ሠሪዎች ለቀረጻ ያቆሙት በር አልዘጋ ቢላቸው ጠሩት። ብርድ ስለነበር አልባሳት ያዧ ጥቁር ካፖርት ደረበችለት። ጨርሶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ውኃ ሲጠጣ ዳይሬክተሩ አየው።

«ጋሼ፣ እንዳሉ! እንዳይነቃነቁ!»

ቀረጹት። ካፖርቱንም መረቁለት። እሱ ሞኙ ደስ ብሎት ከላዩ አላወልቅ አለ።

ፊልሙ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት የልጅ ልጁ ከእናቷ ጋር ታይ ነበር። የፊልሙ ከበሮ «ዱም… ዱም…» እያለ፣ ባለካፖርቱ ገዳይ ከጥላው ውስጥ ብቅ ሲል፣ የቤቱ በር ተከፈተና ያው ሰውዬ በዚያው ካፖርት ገባ! ልጅቷ ጮኻ አልጋ ሥር ገባች። የአያቷን ጆሮ ካልያዘች እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ፣ ከዚያ ወዲህ ከእጁ ከረሜላ እንኳ አልቀበል አለች።

ባለሱቁ ደግሞ «ጋሼ፣ ዛሬስ የማን ተራ ነው?» እያለ ያሽካካል። የሚሸጥበትን መደርደሪያ ማን ሠራለትና! ሰውን ዕድሜ ልክ አውቀው፣ በአንድ ጨርቅና በአንድ ከበሮ የሚፈርዱ! ይህ ቀልድ ነው?

አናጢው ግን ከመናደድ ይልቅ ነገሩ ከነከነው። ፊልሙን ወዳቀናበረው ኤዲተር ሄደ።

«ልጄ፣ ምን አደረጋችሁኝ? እኔ ውኃ ነው የጠጣሁ።»

ኤዲተሩ መጀመሪያ እንደተቀረጸው አሳየው። ቢጫ ግድግዳ፣ የደከመው ሰው፣ ኩባያ። ቀጥሎ ቀለሙን መጠጠው፤ ግድግዳው የሬሳ ፊት መሰለ፣ ዓይኖቹ ጉድጓድ ገቡ። ከዚያ ከበሮውን ለቀቀው።

«ኧረ! ማነው ይሄ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔም ብሆን በሬን እዘጋበታለሁ!»

ኤዲተሩ እየሳቀ ከበሮውን አንስቶ ዋሽንት አስገባ። ያው ሰው፣ ያው ኩባያ፤ አሁን መንገደኛ ልጁን የሚጠብቅ አባት ሆነ። አናጢው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«እስቲ ካፖርቱን ቢጫ አድርገው።»

አደረገው።

«ሎሚ ነጋዴ!» አለና አናጢው ጭኑን መታ። ያቺን ባለከበሮዋን ቁራጭ በፍላሽ አስገልብጦ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

«አባዬ፣ ጭራሽ ልታሳብዳት ነው?» አለች ልጁ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት።

«ዝም በይ፣ ግድ የለሽም።»

ድምፁን ዘጋው። መላጊያ ሲገፋ የሚያንጎራጉራትን ዜማ በአፍንጫው ጀመረ። በበሩ ስንጥቅ አንድ ዓይን ብቅ አለ።

«አባባ… ውኃ ጠምቶት ነው?»

«ጠምቶት ነው እንጂ፣ እናቴ።»

«ከበሮውስ?»

«እሱ የእኔ አይደለም። እነሱ ናቸው ከኋላ የጨመሩት።»

«ካፖርቱስ?»

ካፖርቱን አውልቆ ወለሉ ላይ አነጠፈው። ልጅቷ ዞረችው። በእግሯ ጣት ነካችው። አልነከሳትም። ቀስ ብላ ለበሰችው፤ እጅጌው ወለሉን ጠረገ። ከዚያ ሆዷን በመዳፏ እየመታች መጣችበት።

«ዱም… ዱም…»

አናጢው ወንበር ላይ ዘለለ። «ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ገላግሉኝ!»

ልጅቷ ካፖርቱን እየጎተተች ወንበሩን ወጣች፣ ደረሰችበትም። ጆሮውንም ያዘች።