አንኮበር ላይ የተነሣው የጀልባ ሞተር

ከዝዋይ የተነሣሁት ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው፤ አሮጌ የጀልባ ሞተር በጆንያ ጠቅልዬ። በሐይቁ ላይ ወደ ደሴቱ ሰውና እህል የማመላልሰው በእሱ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ገመዱን ብስበው አልነሣ አለኝ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ቀየርኩ፣ ኃይል የሚልክለትን ኮይልም ቀየርኩ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። የደሴቱ ሰዎች በሽተኛ እንኳ የሚያሻግሩት በቀዘፋ ሆነ። ለቁራሌው ልሸጠው ስል፣ አንድ ወዳጄ ድሮ የባሕር ኃይል መካኒክ የነበሩ ሰው አንኮበር እንደሚኖሩ ነገረኝ። ደወልኩላቸው። ይዤው እንድመጣ ብቻ ነገሩኝና ስልኩን ዘጉት።

ደብረ ብርሃን

አዲስ አበባ ገብቼ ከላምበረት መናኸሪያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት ሞተሩን ወንበር ላይ አስቀምጦ እንደ አንድ ሰው አስከፈለኝ። አጠገቡ የተቀመጡት እናት ምንነቱን ጠየቁኝ። የጀልባ ሞተር ወደ አንኮበር እየወሰድኩ እንደሆነ ስነግራቸው ፊቴን አየት አደረጉና፣ ለየትኛው ውሃ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደብረ ብርሃን ስወርድ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። መናኸሪያው አጠገብ ትኩስ ሽሮ በላሁና ወደ አንኮበር በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ።

አንኮበር

መንገዱ በገብስ ማሳ መሐል ይሄድ ይሄድና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከታች ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቷል፤ ጉም ተኝቶበታል። የሐይቅ ዳር ሰው ነኝና ጉሙ ውሃ መሰለኝ።

መካኒኩ ጋሽ መኮንን መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ወጣትነታቸውን ምጽዋ መርከብ ሲጠግኑ አሳልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ገብስ አራሽ ናቸው። ሞተሩን ጓሯቸው ካለ ግንድ ላይ አሰርነው። ካንዴላውን ፈትተው ከሞተሩ ብረት ጋር አነካኩትና ገመዱን እንድስብ አዘዙኝ። ብልጭታ የለም። ካንዴላውም ኮይሉም አዲስ መሆናቸውን ነገርኳቸው።

"የሞተውን ብቻ ነው የፈለግከው" አሉኝ። "የሚገድለውንስ አይተኸዋል?"

ሞተሩን የምናጠፋበት ቁልፍ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለችው፤ ሽቦዋ ብረት ከነካች እሳቱ ይቋረጣል። እሷን ነቀሏትና እንደገና ሳብኩ። ካንዴላው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። ሽቦዋን በጣታቸው ሲከተሉ፣ ከክዳኑ ሥር ላስቲኳ ተልጦ ብረቱን ስትነካ አገኟት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞተሩን ሳላውቅ እያጠፋሁ ነበር የማስነሣው። የተላጠውን ጠቅልለው ሽቦዋን መለሷት፤ ያለ እሷ ሞተሩ ቢነሣም ማጥፊያ የለውም።

ከጎረቤት በርሜል አምጥተን ውሃ ሞላንበትና እንዳይግል የሞተሩን እግር ነከርነው። ገመዱን ሁለተኛ ስስበው ተነሣ። በጎች በረገጉ፣ ጎረቤት አጥር ላይ ተሰበሰበ። ጋሽ መኮንን ግን እጃቸውን ክዳኑ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ቁልፉን የተጫኑት ውሃው ተረጭቶ ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚያ ሁለታችንም እንደ ልጅ ሳቅን።

ዝዋይ

ሐሙስ ከሰዓት ሞተሩን ጀልባዬ ላይ ገጠምኩና ስድስት ሰው ጭኜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እምቢ ሲለኝ፣ የጎደለውን ከመግዛቴ በፊት የሚከለክለውን እፈልጋለሁ።

ሐይቁ መሐል ስደርስ ደወልኩላቸውና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁት። ድምፁን አዳመጡ። ከዚያ ማዕበል እንዳለ ጠየቁኝ። ትንሽ እንዳለ ነገርኳቸው።

"ገብሴን ልሰብስብና እመጣለሁ" አሉኝ። "የምነዳው ግን እኔ ነኝ።"