መምህሩ በልጅቷ ድምፅ

አሰላ ላይ ጉም የወረደ ቀን ከተማው ሁሉ ትንፋሹን የዋጠ ይመስላል። እንዲህ ባለ ቀን ነው ሥልጠና ላይ የነበርነው፤ የወጣት ማዕከል ሠራተኞችና ክበብ የሚመሩ መምህራን። ርዕሱ «አዎንታዊ የወጣቶች ዕድገት» ነው። የእኔ ወጣትነት ካለፈ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያደገልኝ ነገር ቢኖር ሆዴ ነው። ግን ተላክሁ፣ ሄድሁ።

አሰልጣኟ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። «ዛሬ ምክር የለም» አለች። «ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዳችሁ የምታውቁትን ወጣት ሆናችሁ ተቀመጡ። ሌላችሁ ጠይቁና ስሙ። በቃ።»

ምክር የለም ሲባል ግማሹ አዳራሽ ሥራ ፈት ሆነ።

ለእኔ የደረሰኝ የሮቤ የስፖርት መምህር ነው። ትከሻው በር ይዘጋል፣ ጢሙ ለሁለት ሰው ይበቃል። የሴቶች መረብ ኳስ ክበብ ይመራል።

«ማንን ልትሆን ነው?»

«አንዲት ተማሪዬን። ከክበቡ ጠፋችብኝ፤ ምን እንደነካት አላውቅም።»

«በዚህ ጢም?»

ሳቀ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሳቁ ጠፋ።

ጉልበቶቹን ገጠመ። የሹራቡን እጅጌ ጎትቶ መዳፉ ውስጥ ጨበጠ። ያ ሁሉ ትከሻ የት እንደገባ እንጃ። ሲናገር ድምፁ የልጅ ነበር፤ ሰው ሲቀልድ የሚያቀጥነው ዓይነት አይደለም።

«ደላላው ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል። አረብ አገር የምሠራበት ቤት ተገኝቶልኛል። እናቴ ናት ከእሱ ጋር የተስማማችው። ቲቸር ጎበዝ ነሽ ይለኛል እንጂ ምን እንደምፈልግ ጠይቆኝ አያውቅም።»

እኔ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? «እና ጉዞው መቼ ነው?» አልኩ፣ ለጨዋታ።

«ዛሬ። መናኸሪያ ነኝ። በረደኝ።»

አሰልጣኟ አጨበጨበች፤ ልምምዱ አለቀ። ሰው ወደ ሻይና ቦምቦሊኖው ተንጋጋ። እሱ አልተነሳም። መስኮቱ ላይ እንዳፈጠጠ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እኔ እኮ በአዳራሹ ሙቀት ኮቴን አውልቄያለሁ።

«አቦ፣ ተው አታስፈራራኝ!» ብዬ ነቀነቅሁት።

ባነነ። «ጀመርን እንዴ?» አለ፣ በወፍራም ድምፁ።

የተናገረውን ነገርሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ስለ ደላላ ማንም አልነገረኝም» አለ። «ከየት አመጣሁት?»

ስልኩን አውጥቶ ለልጅቷ ደወለ፣ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተው። ጠራ፣ ጠራ።

«ሀሎ? ቲቸር?»

ልጅቷን አይቻት አላውቅም፤ ድምፅዋን ግን አሁን፣ ከዚያ ጢም ሥር ሰምቼዋለሁ።

«የት ነሽ?»

«አሰላ መናኸሪያ። የአዳማው መኪና ሊሞላ ነው። ቲቸር፣ እንዳትቆጣኝ።»

ቁልቁል ሮጥን። ሮጥን ስል እሱ ሮጠ፣ እኔ እንደ ተገፋ ቁም ሳጥን ወረድሁ። ጉሙ ውስጥ ባጃጅ መብራቱ ብቻ ይመጣል፣ ያልፋል። መናኸሪያው ውስጥ የረዳቶች «አዳማ! አዳማ!» ጩኸት ይሰማል፤ አፋቸው ግን አይታይም።

ሚኒባሱ ውስጥ፣ መስኮት ጥግ አገኘናት። የሹራቧን እጅጌ መዳፏ ውስጥ ጨብጣለች። መምህሯን አልፋ እኔን አየችኝ።

«እኚህ ናቸው የሳቁት?» አለችው።

ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው ሰውዬ ከመምህሩ ትከሻ ጀርባ ተሸሸግሁ።

እሱም ምክሩ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ሲውጠው አየሁት። ከዚያ መስኮቱን ይዞ፣ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

ሞተሩ ተነሳ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ «ዘመዶች፣ ዞር በሉ!» ይላል።

«እናቴን የሚያናግርልኝ ሰው» አለች በመጨረሻ። «እኔ እምቢ ስላት አትሰማኝም።»

«ነይ፣ አሁኑኑ አብረን እንሄዳለን።»

በተሳፋሪው ጉልበት ላይ ተረማምዳ ወረደች። ሻንጣዋ ጣሪያው ላይ እንደታሰረ ትዝ ያላት መኪናው ጉሙ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። መምህሯ ሊከተለው ሲል እጁን ያዘችው።

«ይሂድ» አለች።

የሮቤ መኪና ፍለጋ ሄዱ። እኔም ተከተልኋቸው። እውነቱን ለመናገር ለልጅቷ አስቤ አይደለም፤ ወደዚያ አዳራሽ ብቻዬን መመለስ ፈርቼ ነው።