አንድ ኳኳታ ለግራ፣ ሁለት ኳኳታ ለቀኝ

በሞሬይ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለው መንደራችን ሁለት ነገር በገፍ ያመርታል፤ ዝናብና ሐሜት። በበጋ ደግሞ ጎብኚ ይጨመርበታል። በራሪ ወረቀቱ «ዶልፊኖቹ እየጠበቋችሁ ነው» ስላለ ዶልፊን ቀጠሮ የሚያከብር የመሰለው ሁሉ ካሜራውን አንግቶ ይጎርፋል።

ይህን ምዕመን በጀልባ ይዞ የሚወጣው አስጎብኚ ኢኒያስ ሆሳክ ነው፤ መሪውን የምትይዘው ሚስቱ ሚና። ኢኒያስ ዶልፊኖቹን በጀርባ ክንፋቸው ጠርዝ እየለየ፣ ማን ከማን እንደተወለደች፣ ማን ከማን እንደተጣላች እንደ ጎረቤት ወሬ ያወራቸዋል። ካለፈው የብርድ ወራት ወዲህ ግን ዓይኑ ከጭጋግ በቀር የሚያሳየው የለም። የጀልባው ባለቤት ይህን ቢሰማ ደስታውን አይችለውም፤ በኢኒያስ ቦታ በማሽን የተቀዳ ድምፅ ሊተካ ሰበብ ሲፈልግ ከርሟል።

ስለዚህ ሚና መላ ፈጠረች። ዶልፊን በግራ ብቅ ሲል የመሪ ክፍሉን ብረት አንዴ ትመታለች፤ በቀኝ ከሆነ ሁለቴ። ማንም አልጠረጠረም። ይሁንና እኛ ጀልባ ላይ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ በስሙ አንጠራም፤ ገድ የለውም ይባላል፤ «ቀዩ ዓሣ» ነው የምንለው። አንዱ አፉ አምልጦት ከጠራው፣ መዓት እንዳይወርድብን ብረት እንነካለን። ሠልጥነናል እያልን በየመጠጥ ቤቱ የምንፎክረው ሁሉ እንነካለን።

ሐምሌ ላይ አንድ ባለካሜራ ተነሥቶ፣ «ዶልፊኖቹ ሳልሞኑን የሚበሉት የት ነው?» ብሎ ጮኸ። የሚና እጅ ከሐሳቧ ቀድሞ ብረቱን ኳ አደረገው።

ኢኒያስ ወደ ግራ ጠቆመ። «ያቻትላችሁ! ከነልጇ!»

ባሕሩ ባዶ ነበር።

«አባት፣ ዶልፊን ነው ወይስ መንፈስ የሚያሳዩን?» አለ ባለካሜራው። ሰው ሳቀ።

ኢኒያስ እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። ሚና ሞተሩን አጥፍታ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። የዓሣውን ስም ሲጠራው እጄ አመለጠኝ።»

«ተዪው ሚናዬ።» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ዓይኔ አያይም። የሚታየኝ የጃኬታችሁ ቀለም ብቻ ነው፤ እሱም አያምርም።»

 ወዲያው ከበስተቀኝ «ፉፍ» የሚል ረጅም የዶልፊን ትንፋሽ ተሰማ፤ ተከትሎትም አንድ ትንሽ፣ የቸኮለ ትንፋሽ። ባለካሜራው ካሜራውን ማንሣት ረሳ።

ወደቡ ላይ ኢኒያስ፣ «ነገ አልመጣም። የጀልባው ባለቤት እስከ ማታ ይሰማል» አለ።

«ይስማ! ማሽኑ ያውራለታ፤ ጀልባውን ማን ሊነዳለት ነው? እኔ እንደሆንኩ ከማሽን ጋር አልጫወትም!» አለች ሚና።

ባለቤቱ ሰማ፤ መንደራችን ሌላ ምን ሥራ አለው? ፎከረ፣ ሌላ ነጂ ፈለገ፣ አጣ፣ ኢኒያስንም በቦታው ተወው።

አሁን ያ ብረት የሚመታው ለቀዩ ዓሣ ብቻ ነው። ዶልፊን ሲመጣ ሚና አንገቷን በመስኮት ታወጣለች።

«በግራ ነው፣ አንተ ዕውር! ክንፏ የተሸረፈው፣ ከነልጇ!»

«አየኋት» ይላል ኢኒያስ፣ ፊቱን ወደ ሚና ድምፅ አዙሮ።